መክሰሬ ይታወቅልኝ

— ሄሎ! … አዎ፣ አዋሳ ነው። … አዎ፣ የመንጠቆና የክር ሱቁ ነው። ሙሉዬ ነኝ ራሴ። … ከአዲስ አበባ? አገናኚኛ እህቴ፣ እጠብቃለሁ።

— ፈትዬ፣ አንቺ ቁጠሪ፣ እኔን አትጠብቂ። ባልዲውን ስትጨርሺ ወደ ገመዱ እለፊ። … ማን ይሆናል፣ ወንድሜ ነዋ። ሌላ ማን ከፍሎ ይደውልልኛል።

— ሄሎ! ጋሼ? … ጋሼ ገብረጻድቅ! ትሰማኛለህ? … እኔ እሰማሃለሁ፣ ትንሽ ጮክ በል። … ደህና ነኝ። እማዬስ? ልጆቹስ? … ተመስገን።

— አዎ፣ ደርሶኛል። ትናንት ከሰዓት ኩማ ወረቀትህን አምጥቶ በእጄ ሰጥቶኛል። … አንብቤዋለሁ። … ሁለት ጊዜ። … አልፈረምኩም። … አይ፣ አልረሳሁትም። እስክሪብቶም አላጣሁም። አስጠልቶኝ ነው።

— አትቆጣ። እስቲ ቆይ፣ እኔ ላንብብልህና ራስህ ስማው። እንዲህ ይላል፦ «እኔ ወይዘሮ ሙሉዬ፣ ከወንድሜ ከአቶ ገብረጻድቅ ብር ስድስት ሺህ ተበድሬ የተቀበልኩ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ኅዳር 12 ቀን 1973።» … አዎ፣ እሱ ነው። ጋሼ፣ መቼ ነው ስድስት ሺህ ብር ያበደርከኝ? … ስድስት መቶስ? … ለሠርጌ ያመጣሃቸውን ሁለት በጎች ከሆነ ንገረኝ፣ እነሱን ልጻፋቸው።

— ገብቶኛል፣ ሞኝ አይደለሁም። እኔ ከስሬያለሁ ብዬ ፍርድ ቤት ስቀርብ ያለኝ ዕቃ ይሸጥና ለባለገንዘቦቼ እንደየገንዘባቸው መጠን ይከፋፈላል። ስድስት ሺህ ያለው ሰው ትልቁን ድርሻ ያነሳል። ያ ሰው አንተ ልትሆን ነው። … ለእኔ ብለህ? … «በኋላ ቀስ እያልኩ እመልስልሻለሁ»? እህ … እስከ መቼ? ልጆችህ እስኪያገቡ?

— ምን? ውርደት? … ውርደቱማ አለ። ከእኛ ቤት ማንም ፍርድ ቤት ቆሞ ከሰርኩ ብሎ አያውቅም፣ እውነትህን ነው። … ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዝም ብዬ ዘግቼ ልጥፋ? እንደ አምሳሉ? አምሳሉን ታስታውሰዋለህ፣ ጎረቤቴ የነበረውን፣ ባለጫማውን። ቁልፉን ጥሎ ጠፋ። እሱስ ጠፋ፣ ሚስቱ ናት መከራዋን የምታየው። ገበያ በወጣች ቁጥር አንዱ ነጠላዋን ይይዛታል፣ አንዱ ዘንቢሏን ይቀማታል። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርቷን ሲበትኑባት በዓይኔ አየሁ። … አይ፣ እኔ እንደዚያ አልሆንም። ሕጉ መክፈል ባቆምሽ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ራስሽ ቀርበሽ ተናገሪ ይላል። ዛሬ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ዝርዝሬን ይዤ ሬጅስትራሩ ፊት እቀርባለሁ፣ ከዚያ መጥተው ሱቁን ያሽጉታል። … አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል አሁን።

— ጠበቃ? የቱ ጠበቃ? … እሱንማ ሄጄ አናግሬዋለሁ። አምስት መቶ ብር አለኝ። … አምስት መቶ! ጋሼ፣ መክሰሬን ለመናገር አምስት መቶ ብር! አምስት መቶ ብር ቢኖረኝ ምን አስከሰረኝ? ይህንኑ ስነግረው ሳቀብኝ። «ግማሹን አሁን ትከፍያለሽ፣ ግማሹን ሲፈረድልሽ» አለኝ። ሲፈረድልኝ! ዕቃዬ ተሸጦ ሊያልቅ! ሻዩን እንኳ ሳልጠጣለት ወጣሁ።

— ራሴ ነዋ። … ራሴ ሄድኩ፣ ራሴ ተመላለስኩ። አራት ጊዜ። የመጀመሪያ ቀን ባዶ እጄን ሄድኩ። ሬጅስትራሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «በጽሑፍ» አለኝ። ወጣሁና ለደረሰ ነገርኩት። … ደረሰ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በዣንጥላ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ። ሦስት ብር ተቀብሎኝ ጻፈልኝ። ምን ብሎ እንደጻፈ ብታየው! «ረዳት የሌለኝ ምስኪን ሴት በደል ደርሶብኝ፣ እንባዬን እያፈሰስኩ» ይላል። ማን በደለኝ? በኪሳራዬ ማንን ልክሰስ? ከታች ደግሞ በትልልቁ «እናሸንፋለን!» ብሎ ሁለት ጊዜ አሠመረበት። … አዎ! በኪሳራዬ ሥር! … ሬጅስትራሩ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና «ማንን ነው የምታሸንፊው?» አለኝ።

— አትሳቅ። … እኔም ስቄያለሁ፣ ግን ቤቴ ገብቼ ነው። እዚያማ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «እንባውን ትተሽ ቁጥር ይዘሽ ነይ» አለኝ። ቁጥር ይዤ ሄድኩ፣ ቴምብር የለውም አለኝ። ቴምብር ለጥፌ ሄድኩ፣ «የምትከፍያቸውን ሰዎች ጽፈሻል፣ ያለሽ ንብረት የታለ? እስከ መርፌው ድረስ ጽፈሽ፣ በየገጹ ፈርመሽ፣ እውነት መሆኑን በመሐላ ታረጋግጫለሽ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ጋሼ። ጠበቃ የሚያስፈልገው ነገር የለውም። የሚፈለገው አለመዋሸት ብቻ ነው። … አዎ፣ ያ ነው የከበደን።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ እህቴ? … አዎ፣ እየተነጋገርን ነው። ሦስት ደቂቃ ጨምሪልን። … እሱ ነው የሚከፍለው፣ ጨምሪ።

— ጋሼ፣ አለህ? … እንዴት ከሰርሽ ትለኛለህ ደግሞ፣ እንደማያውቅ ሰው። ዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሆኑ። ክሩንም መንጠቆውንም ማኅበሩ ራሱ ያመጣላቸው ጀመር። ያምጣላቸው፣ አልከፋኝም፣ ይርከስላቸው። ከእኔ በዱቤ የወሰዱትንስ? ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንዱ፣ ትናንት ልጁ ሲታመም ከኪሴ አውጥቼ ያሳከምኩለት፣ ተነሥቶ «የበዝባዥ ዕዳ አይከፈልም!» ብሎ ፎከረብኝ። እኔ በዝባዥ! በስምንት ሜትር ካሬ ሱቅ፣ በተቀዳደደ ሹራብ! ሌሎቹ አጨበጨቡ። ዓሣቸውን በመረቤ እያወጡ አጨበጨቡ።

— እሺ፣ እሱን እንተወው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወረቀቱ ላይ ነው። ሁለት ምስክር አለው። አንዱ ኩማ፣ ሾፌርህ። እሺ፣ እንጀራው ነው፣ ያልከውን ይፈርማል። ሁለተኛው … ጋሼ፣ አባባ ወልደጻድቅ ይላል። አጎታችን። … ተሳስተህ መስሎኝ ነበር። እሳቸው እኮ በጥር ነው የሞቱት፣ በዚያው ዓመት። አንተ ራስህ ሬሳቸውን ተሸክመሃል። … አልተሳሳትክም? … እንዴት? … በኅዳር በሕይወት ነበሩ፣ እሺ፣ ነበሩ … ምን?

— ድገመው እስቲ። … የሞተ ሰው መጥሪያ አይደርሰውም። … አስበህበት ነው። … አስበህበት ነው እንዴ ጋሼ! እኔ እኮ ቀን ተሳስቶበት ነው ብዬ አዘንኩልህ። ለካ ቁጭ ብለህ፣ ከሞቱት ዘመዶቻችን መካከል መርጠህ … ኧረ ይቀፋል!

— ቆይ፣ አልጨረስኩም። አውራ ጣት ነው ያለበት። የማን ጣት ነው? … የማን ጣት ነው፣ ጋሼ? … የዘበኛህ። … አባባ ወልደጻድቅ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩህ እሳቸው ናቸው፣ እኔንም እንደ ወንድ ልጅ አጠገብህ አስቀምጠው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለአገሩ ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፉትን ሰው፣ የተማሩትን ሰው፣ ቀለም ነክረህ በዘበኛ ጣት … አዎ ገባኝ፣ ፊርማ ከፊርማ ይመሳከራል፣ ጣት ከመቃብር አይመጣም። ገባኝ አልኩህ! ስለገባኝ እኮ ነው ያስጠላኝ!

— ደህና ዋልሽ፣ ግቢ ታቢታ፣ ግቢ። … ስልክ ላይ ነኝ። እዚያ ጆንያው ላይ ቁጭ በይ፣ ልጨርስና አናግርሻለሁ።

— ሄሎ፣ ጋሼ። … ማንም አይደለም። … ታቢታ ናት፣ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትሸጠው። … አዎ፣ አጭሯ። … ቀስ ብዬ ላውራ፣ በሩ ጋ ናት። … ሱቁ ሊታሸግ ነው ሲባል ሰምታ ነው የመጣችው። አደራዋን ልትወስድ።

— ነግሬህ ነበር እኮ። አምና ነግሬሃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አሥር ብር በሞላላት ቁጥር እያመጣች ታስቀምጥልኝ ነበር። ቤቷን ቆርቆሮ ልታለብስ ነው። ሣሩ ያፈስባታል፣ ባለፈው ክረምት ልጆቿን አልጋ ሥር ነው ያስተኛቻቸው። … ደረሰኝ? ምን ደረሰኝ? ስም ጽፌ ወረቀት ልስጥሽ ብላት «ሰው ከእህቱ ወረቀት ይቀበላል ወይ?» ብላ ተቀየመችኝ። ማንበብም አትችልም። እንዲሁ በጣሳ ነው ሒሳቡን የያዝነው። አሥር ብር ባመጣች ቁጥር እሷ እያየች አንድ ትልቁን መንጠቆ የወተት ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ። መንጠቆው ሲቆጠር ገንዘቧ ተቆጠረ ማለት ነው። … ለአንተ ያስቃል። ለእኛ ከባንክ ይበልጥ ነበር።

— ፈትዬ፣ ያን ሰማያዊውን የወተት ጣሳ ለታቢታ አቀብያት፣ ትያዘው። … የቱን ትያለሽ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ነዋ። … ምን አደረግሽው? … ገለበጥሽው? … ከሌላው መንጠቆ ጋር? … ወይ ፈትዬ! ምን ብለሽ ጻፍሽ? … «መንጠቆ፣ ትልቁ፣ አራት መቶ ሠላሳ።» … አይ ጉዴ! የሰው ገንዘብ እኮ ነው የቆጠርሽው! … በቃ፣ በቃ አታልቅሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልነግርሽ። ሁሉንም ቁጠሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ።

— ቆይ ጋሼ፣ አንዴ። … ታቢታ፣ ስንት ደርሶ ነበር? … ሰማንያ ስድስት? … እኔም ሰማንያ ስድስት ነው የማውቀው። እግዜር ይስጥሽ። ቁጭ በይ፣ ቁጥሩ አልጠፋም። … አይ፣ አልጠፋም አልኩሽ።

— ሰማህ? አንድ ቃል አልጨመረችም። ስምንት መቶ ስድሳ ብር። ዘጠኝ መቶ ብትል ማን ሊከራከራት ነበር? ምስክር የላት፣ ወረቀት የላት። የአንተ ውሸት ቴምብር አለው፣ ሁለት ምስክር አለው፣ ቀን አለው። የሷ እውነት እኔ ካልተናገርኩላት በቀር ምንም የለውም። ያንተን ስድስት ሺህ ብፈርምልህ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠኝ የመርካቶው ጠሀ ከሦስት ሺህ ብሩ ጥቂት ያገኛል፣ እሱ ነጋዴ ነው፣ ይችለዋል። ታቢታ የቆርቆሮ ምስማር መግዣ እንኳ አይተርፋትም።

— ገንዘቡ? … ገንዘቧ የት እንዳለማ ታውቃለህ። … አንተ ጋ ነው። … ምን ማለትሽ ነው ትለኛለህ? አሥራ አራቱ ካርቶን የናይሎን ክር በምን የተገዛ መሰለህ? … አታስጩኸኝ፣ ትሰማለች። … አዎ፣ በሷ ገንዘብ። ክሩ ሲሸጥ እተካዋለሁ ብዬ። አልተሸጠም። እሷ ግን ገንዘቧ ሳጥኔ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ይመስላታል። ዛሬ ቋጥራ ልትሄድ ነው የመጣችው። መቀነቷን ፈትታ ይዛ ነው የተቀመጠችው፣ ይኸው።

— ክሩን ባለፈው እሁድ ለምን አስጫንከው? … አውቃለሁ፣ «ከመታሸጉ በፊት አተረፍኩልሽ» ነው የምትለኝ። ሳትጠይቀኝ! እኔ ቅዳሴ ቆሜ፣ ኩማ መኪናውን አስጠግቶ ጫነ። ሱቁን ስትጠብቅ የነበረችው ፈትያ ወጥታ ልትከለክለው ብትል «ወንድሟ ነው የላከኝ» አላት። ከዚያ በኋላ ምን ትበል? በዚህ ገበያ ወንድም የላከውን ማን ይይዛል። … ልትመልሰው ነው ወይስ አይደለም? … አዎ ወይም አይደለም በለኝ። … አይደለም። እሺ።

— እንግዲያው ስማ። ተራ ቁጥር አርባ ሦስት፦ «የናይሎን ክር፣ አሥራ አራት ካርቶን፣ አዲስ አበባ በወንድሜ በአቶ ገብረጻድቅ መጋዘን የሚገኝ።» ቀበሌህን ጽፌያለሁ። የቤት ቁጥርህንም። … ጽፌያለሁ፣ ልጽፍ አይደለም። ቀለሙ ደርቋል። … ጩህ። … ጩህ፣ ጆሮዬን አራቅኩት።

— እህቴ፣ ኧረ ቆዪ፣ አትቁረጪን። … ሦስት ደቂቃ ጨምሪ፣ ገና እየተሰደብኩ ነው።

— ጨረስክ? … ምን አልክ? … ምን አልክ ጋሼ?

— እምነት ማጉደል። … አዎ፣ ወንጀል ነው፣ አውቃለሁ። … «የድሃ አደራ በልተሽ ለእኔ ስለ እውነት ትሰብኪያለሽ»። … ለፍርድ ቤቱ ትጽፋለህ? … ለሷም ትነግራታለህ። በኩማ በኩል። … ማኅበሩ እንዲሰማ፣ ገበያው እንዲሰማ። … ካልፈረምኩ።

— አለሁ። … አልዘጋሁም። ታቢታን እያየኋት ነው።

— እውነትህን ነው። … አይ፣ አላሾፍኩም። አንተ የሞተ ሰው አስፈርመሃል። እኔ ደግሞ በሕይወት ያለች ሴት ፊት ለፊቴ አስቀምጬ መንጠቆ ስጥል ነበር። ገንዘቧን ካጠፋሁ በኋላም እየተቀበልኩ ጥያለሁ። ጣሳው ሲንኳኳ እሷ ፈገግ ትላለች፣ እኔም አብሬያት ፈገግ እላለሁ። አሥራ ሰባት ጊዜ። ቆጥሬዋለሁ። … እና ወረቀትህን ሳነብ የጠላሁት አንተን ብቻ መስሎኝ ነበር። እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቤአለሁ፣ ሞኝ ነኝ፣ ቀለሙ የነካኝ ይመስል።

— አልፈርምም። … አልፈርምም። ስልኩን እንዳትዘጋ ግን። ያዝና ስማ፣ የከፈልክበት ነው።

— ታቢታ። … ታቢታ፣ ወደዚህ ተመልከቺ፣ መቀነቱን ተዪው። ገንዘብሽ የለም። … ሳጥኑ ውስጥ የለም። … አይ፣ ሌባ አልገባም። ፍርድ ቤትም አልወሰደውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። … ክር ገዛሁበት። ይሸጣል ብዬ። … ስድስት ወር ሆነው። … አዎ። … አዎ፣ ከዚያ በኋላ ስታመጪም እቀበልሽ ነበር። … አሥራ ሰባት ጊዜ። … አውቃለሁ። … አውቃለሁ ታቢታ። ስለ ቆርቆሮው አውቃለሁ።

— ፈትዬ፣ አንቺ ዝም በይ፣ አታማልጂኝ።

— ጋሼ፣ ሰማህ? … ሁሉንም ሰማህ? እንግዲህ የምትነግራት ነገር የለህም። ኩማንም ለዚህ ነዳጅ አታስጨርሰው። … ለፍርድ ቤቱም አትድከም፣ ራሴ እጽፈዋለሁ። ፈትዬ፣ እስክሪብቶውን አቀብዪኝ፣ የባለገንዘቦቹን ገጽም። … እኔ ልበልህ፦ «ከወይዘሮ ታቢታ በአደራ ተቀብዬ ያለ ፈቃዷ ያጠፋሁት፣ ብር ስምንት መቶ ስድሳ።» … እንዲህ ነው። አላሳመርኩትም። … ያስሩኝ ይሆናል። ይሰሩኛ። … ድፍረት አይደለም። ግን ሌላ ምን ልጻፍ? እሷ ፊቴ ቆማ።

— ምን? … አሁን ልትመልሰው ነው? … ክሩን? … ዛሬውኑ ኩማን ትልከዋለህ። አሃ፣ የቤት ቁጥርህ ሲጻፍ ነው ልብ የገዛኸው። … አይ፣ ለእኔ አትላክ። እኔ ከስምንት ሰዓት በኋላ የዚህ ሱቅ ባለቤት አይደለሁም። ለፍርድ ቤቱ በቁጥር አስረክብ፣ ደረሰኝ ተቀበል። አንተ ደረሰኝ ትወዳለህ። … አርባ ሦስትን አልሰርዝም። ካርቶኑ ሲመጣ እነሱ ይሰርዙታል።

— ወረቀቱን? … አላያይዘውም። … አታመስግነኝ! ላንተ ብዬ አይደለም። አባባ ወልደጻድቅን በዘበኛ ጣት መዝገብ ቤት ላስቀምጣቸው ስለማልችል ነው። ስሙን ሳየው ያንገሸግሸኛል። … ቀደድኩት፣ ይኸው። ሰማህ? … ሌላ ቅጂ ካለህ አንተም ቅደደው። ካልቀደድክና ካቀረብከው ግን ሬጅስትራሩ ይጠይቀኛል፣ እኔም የምመልሰውን አውቀዋለሁ። ዛሬ መሐላ አለብኝ።

— እማዬ ምን ታውቃለች? … ምንም አትንገራት። … ወይም ንገራት። እንደ ፈለግህ። እኔ ከዚህ በኋላ የምደብቀው አልቆብኛል።

— ቆይ። … ታቢታ፣ ወዴት ነው? … ቁጭ በይ እንጂ፣ እንነጋገር። … ምን አልሽ? … አልሰማሁሽም፣ ድገሚው። … አብረሽኝ? ፍርድ ቤት?

— ታቢታ ናት ጋሼ። አብሬሽ እሄዳለሁ አለችኝ። … እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፣ አዝናልኝ፣ ልትደግፈኝ። … አይደለም። ፊቷን ብታየው። ከተናገርኩ ጀምሮ አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም፣ አንተን ስሰድብህ የዋልኩትን ሁሉ በዓይኗ ነው የምትሰድበኝ። … ያለችው «መንገድ ላይ እንዳትጠፊብኝ» ነው። … እንደሱ ነው ያለችው።

— ምን እላታለሁ? እሺ አልኳት። … አይ፣ ስምንት ሰዓት እስኪሆን ከበሩ አልነቃነቅም ብላለች። ጆንያውን ወደ ደጃፉ ጎትታ መውጫዬ ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚሁ በር ስትገባ እህቴ ትለኝ ነበር። … ይገባታል ጋሼ። እኔም ብሆን እሷን አላምናትም ነበር።

— አዎ እህቴ፣ ጨርሰናል፣ መስመሩን ውሰጂው። … ፈትዬ፣ ከገመዱ ቀጥዪ፣ ሜትሩን ያዢልኝ።